ግራሶ የተቀባ ምርኩዝ

«የሚቀጥለው አርብስ የት ነው የምንወጣው?»

ይህን ያለው አባቴ ነው። በራፋችን ላይ ቁጭ ብሎ፣ አቧራ የጠጣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ጉልበቱን እያሸ ነው ያለው። እኔ ውሃ ይዤለት እየመጣሁ ነበር፤ ክው ስል ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋሁት። እናቴ ከውስጥ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ከዚያ ጮህኩ። ጎረቤታችን በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ በሶማልኛ «ሰው ሞተ እንዴ?» እስክትል ድረስ ጮህኩ። ሰው አልሞተም። እንዲያውም አንድ ሰው ነው የተነሳው።

እንዲገባችሁ ከጉልበቱ ልጀምር።

አባቴ ሾፌር ነው። ከድሬዳዋ መጥቶ በበርበራና በቶጎ ውጫሌ መሀል ከባድ መኪና ሲነዳ ነው እኔ እዚህ ሐርጌሳ የተወለድኩት። ሾፌር ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅበት ቦታ አለው፤ የአባቴ ግራ ጉልበቱ ነው፣ የፍሪሲዮን ጉልበቱ። ማርሽ በቀየረ ቁጥር ያን ፔዳል ዕድሜውን ሙሉ ሲረግጠው ኖሮ፣ አንድ ቀን ከመኪናው ሊወርድ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለው። ከዚያ በኋላ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ባለው ቤታችን በራፍ ላይ ወንበር አወጣ። ወንበሩም እሱም እዚያው ቀሩ። ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ፤ ካልሄድክበት ይደርቃል» ብሎት ነበር። እሱ ግን «ዳገቱን እችለዋለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ይከዳኛል» እያለ ከወንበሩ አልነሳ አለ።

እኔ ደግሞ ከሰፈራችን ልጃገረዶች ጋር አርብ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብለው ያሉትን መንትያ ኮረብቶች መውጣት አምሮኛል። የቡድናችን ሕግ ደግሞ፣ እያንዳንዷ ልጅ ከቤቷ አንድ ትልቅ ሰው ይዛ ትምጣ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አርብ የሰርግ ልብስ የሚለካባት ቀን ስለሆነ ከቤት አትወጣም። የቀረኝ አባቴ ነው።

«አባዬ፣ ምርኩዝ ብትይዝስ?» አልኩት።

«ምን አረጀሁና ነው ምርኩዝ የምታሲዢኝ?»

«የተራራ ምርኩዝ ነው እኮ! በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ጎረምሶች ናቸው የሚይዙት።» ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩለት።

አየና አየና፣ «እነዚህ በረዶ ላይ ናቸው። እኛ አገር ምን ላይ ልንሸራተት ነው?» አለ።

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ጣልቃ ገባች። «መውጣቱን ይውጣ። ሲወርድ ማን ሊያዝለው ነው? አንቺ?»

አባቴ አልሳቀም። «እሺ፣ አንድ ጊዜ እሞክረዋለሁ» አለኝ። «ግን ስሚኝ፣ ልጄ። እዚያ ላይ ሰው ፊት ከወደቅሁ፣ ሁለተኛ ከዚህ ወንበር ተነስ እንዳትዪኝ።»

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ።

ልባሽ ገበያ ሄድን። ጂጂጋ የተማረና አማርኛ የሚያውቅ ሻጭ በርሜል ውስጥ ጃንጥላ፣ የመጋረጃ ዘንግና የተራራ ምርኩዝ አንድ ላይ አጭቆ ይሸጣል። አባቴ ምርኩዞቹን አንድ በአንድ እያወጣ፣ አጠገባችን የቆመ መኪና ጎማ ላይ ኳ፣ ኳ እያደረገ ጆሮውን ያስጠጋል። ሾፌሮች ጎማ ሲፈትሹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አዴር፣» አለው ሻጩ፤ እዚህ ትልቅ ሰው አጎቴ ተብሎ የሚጠራበት ነው፤ «ሐብሐብ ነው እንዴ የምታንኳኳው?»

«ዝም በል፣ እያናገረኝ ነው።»

ሻጩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አንድ ጥቁር ምርኩዝ መዘዘ። «ይኼን ያዘው። ካርቦን ነው፣ ላባ በለው! ንጉሥ ነው የሚይዘው፣ ወላሂ!»

አባቴ ኳ አደረገው። ድምፁ ታፈነ። «ይኼ ታሟል» አለና ጥፍሩን ቀስ እያለ በቱቦው ላይ ጎተተው። መሀል ላይ ሲደርስ ጥፍሩ ያዘ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! አፌ ተከፍቶ ቀረ። ሻጩም «ሱብሃነላህ!» ብሎ ምርኩዙን ነጥቆ ወደ ውስጥ ወረወረው።

በመጨረሻ ከበድ ያለ የአሉሚኒየም ጥንድ መረጥን፣ በመጠምዘዝ የሚረዝምና የሚያጥር። እዚህ ጋ ተራው የኔ ሆነ። አባቴን አቆምኩትና ጫፉን መሬት አስነክቼ፣ ክርኑ ዘጠና ዲግሪ እስኪታጠፍ አስረዘምኩለት። ለዳገት እንደሚያጥር፣ ለቁልቁለት እንደሚረዝም፣ እጅም ማንጠልጠያው ውስጥ ከታች ወደ ላይ ገብቶ ክብደት እዚያው ማንጠልጠያ ላይ እንደሚያርፍ ነገርኩት። «አንቀህ አትያዘው» ስለው ፈገግ አለ። «ገባኝ። ጀማሪ ሾፌር ነው መሪ የሚያንቀው።»

ሐሙስ ከሰዓት ምርኩዞቹን ፈታትቶ አጠባቸው። ከዚያ ሾፌር ሳለ ከመኪናው ያመጣውን የግራሶ ቆርቆሮ ከፈተና ውስጥ ውስጡን ቀባ። የቤታችን በር፣ የጎረቤት በር፣ የልጆች ብስክሌት፣ የሚዞር ነገር ሁሉ ከአባቴ ግራሶ አያመልጥም።

እናቴ አየችው። «የስፌት መኪናዬን እንዲሁ ቀብቶ የሰው ቬሎ አበላሽቶብኛል። ኋላ አልሰማሁም እንዳትሉ።»

«ብረት ከብረት ከሚፋጭ ይቀባ» አላት።

አርብ ጠዋት ዳገቱ እንደ ተረት አለፈ። የልጃገረዶቹ እናቶች ሁለት ዘንግ የያዘ ሰው አይተው እየተጠቃቀሱ ሳቁ፤ አባቴ ግን እሾሁንና ድንጋዩን እያለፈ ቀድሟቸው ወጣ። ጫፉ ላይ ቆሞ የበርበራን መንገድ ቁልቁል አየ። አንዲት መኪና ጉንዳን አክላ ትሳባለች። «ጭነቷ ወደ ግራ አዘንብሏል» አለ።

ለመውረድ ምርኩዞቹን አስረዘምን። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ደህና ነበር። ቀጥሎ ክብደቱን ሲጥልበት የቀኙ ምርኩዝ ሽርርር ብሎ እንደ ድሮ ሬዲዮ አንቴና ራሱን ዋጠ። አባቴ በጎኑ ወደቀ። ሰው ሁሉ ፊት።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። በዓይኔ የመጣው ወንበሩ ነው። እሱ ግን እኔንም ጉልበቱንም አላየም። የሚያየው ምርኩዙን ነው። እዚያው እንደተቀመጠ ጠምዝዞ ነቀለው፣ ውስጡን ለፀሐይ ገልጦ አየ፣ ከዚያ ድንገት ጭኑን መታ።

«ፍሪሲዮን ነው! ልጄ፣ ይኼ ፍሪሲዮን ነው!»

ጭንቅላቱ የተመታ መሰለኝ። እሱ ግን ያሳየኛል። ቱቦው ውስጥ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ስትጠመዘዝ ታብጣለች፣ ቱቦውንም ጨምድዳ ትይዘዋለች። ሥራዋ እንደ መኪና ፍሪሲዮን ተፋግቶ መያዝ ነው። ከተቀባች ትንሸራተታለች።

«ፍሪሲዮን ላይ ግራሶ የቀባ ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸውልሽ!» ብሎ በራሱ ላይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አባቴ በራሱ ሲስቅ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። እናቶቹም ሳቁን ተከትለው ሳቁ፤ አንዷ የሻሿን ጫፍ ቀድዳ ሰጠችው።

በጨርቁ ጠረገው፣ ደረቅ አፈር ነሰነሰበት፣ ደግሞ ጠረገው። የቀኙ ያዘ። የግራው ቢጠርጉት ቢጠርጉት ያው ሽርርር። «አንዱ ይበቃኛል» አለና ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

ከሁሉ በላይ ያኔ ነው የደነገጥኩት። ክብደቱ! ከልጅነቴ ጀምሮ እኔ ነኝ እሱ ላይ የተንጠለጠልኩት፤ እሱ እኔ ላይ ተደግፎ አያውቅም። ምርኩዙን ያስቀድማል፣ ከዚያ የታመመውን እግር፣ ከዚያ ጤነኛውን። ቀስ እያልን ወረድን።

ሰው ፊት ወድቋል፣ ቃሉን አውቃለሁ። ቤት ስንደርስ ወደ ወንበሩ ይሄዳል ብዬ ዓይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም። ወንበሩን አልፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ያኔ ነው «የሚቀጥለው አርብስ?» ያለው።

አሁን ሁለቱም ምርኩዞች በቤንዚንና በሳሙና ታጥበው ደርቀዋል። የግራውም ይይዛል፣ እኔ ራሴ ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ።

ስለዚህ ሐርጌሳ ያላችሁ፣ በራፍ ላይ ወንበር አውጥቶ የቀረ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ አርብ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ መንትያ ኮረብቶቹ ይዛችኋቸው ኑ። ምርኩዝ ከሌላችሁ ከገበያው አባቴ አንኳኩቶ ይመርጥላችኋል፣ ክርን መለካቱ የኔ ሥራ ነው። ትከሻችሁን ግን ራሳችሁ አምጡ፤ ቁልቁለቱ ላይ ትፈለጋላችሁ።