የማይቀረውን በስሙ መጥራት

ልጄ ሌላ ሴት «እማዬ» ብላ ስትጠራ የሰማሁት በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ጁምዓ ከሰዓት ነው። ያኔ እኔ እዚያው ከተማ፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ ካንድ ሀብታም ቤት እያደርኩ እሠራለሁ። ልጄን ካላክላ የምትኖር አንዲት የወሎ ሴት፣ ወዳጄ፣ ታሳድግልኛለች። የማያት በሳምንት አንዴ ነው። ከሀፍላው፣ ከአውቶቡሱ ወርጄ፣ ተጋፍቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ በሩን ስገፋ፣ ልጅት የወዳጄን ቀሚስ ጨብጣ «እማዬ» ትላታለች።

ወዳጄ ደነገጠች። «እናትሽ እኮ መጣች!» አለቻት። ልጄ ዞር ብላ እንደ እንግዳ አየችኝ። ወላሂ፣ አንጀቴ ቁርጥ አለ።

«አብሽሪ፣ ልጅ አይደለች? ኢንሻላህ አትረሳሽም» አለችኝ ወዳጄ።

እኛ እንዲህ ነን። ክፉውን ነገር እናውቀዋለን፤ ስሙን ግን አንጠራም፣ ከጠራነው የሚመጣ ይመስለናል። እኔም «ኢንሻላህ» አልኩ። ሆዴ ግን አልተቀበለውም።

ልጄን ይዤ ለመኖር፣ ማታ ማታ ወደ ቤቴ የምገባበት ሥራ መያዝ ነበረብኝ። እንዲህ ያለው ሥራ ዐማራት የሚባለው ሰፈር ነው ያለው፣ ፈረንጆቹ ዘንድ፤ እነሱ ደግሞ እንግሊዝኛ የምትሰማ ሞግዚት ነው የሚፈልጉት። ስለዚህ ጁምዓ ጁምዓ ልጄን ታቅፌ፣ እዚያው ካላክላ እንግሊዝኛ ከሚያስተምሩ ያገራችን ሰው ዘንድ መሄድ ጀመርኩ። ጋሼ አገር ቤት መምህር ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ በቁጣ እኔም አላንሳቸውም።

አንድ ቀን የማይቀር ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል አስተማሩን። ለካ መንገዱ ብዙ ነው! «ሱነር ኦር ሌተር» ይላሉ፤ ፈጠነም ዘገየም መድረሱ ነው። «ኖ ቾይስ» ይላሉ፤ ወደድክም ጠላህም ሌላ ምርጫ የለህም። «ባውንድ ቱ ሃፐን» ይላሉ፤ መሆኑ አይቀርም። ጋሼ ወደኔ ዞረው «ጣራሽን ካልደፈንሽ ዝናቡ ቤትሽን ያጥለቀልቀዋል፤ እስቲ በእንግሊዝኛ በይ» አሉኝ።

«ጣራዬን ካልደፈንኩ፣ ኢንሻላህ ቤቴ ምንም አይሆንም» አልኩ።

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ኧረ ጣራው ቀዳዳ ነው እያልኩሽ!»

«ታዲያ በገዛ አፌ ቤቴ ላይ ላሟርት ጋሼ?»

«ፈረንጅ እንዲህ ሲል እያሟረተ አይደለም። የሚመጣውን ቀድሞ ይናገርና ተነስቶ ጣራውን ይደፍናል። እኛ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ብለን ተርተን እንተኛለን።»

ኧረ ወዲያ! አልኩ በሆዴ።

ብዙም ሳይቆይ ዐማራት ሞግዚት የምትፈልግ ፈረንጅ ተገኘችልኝና ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለ፤ ዙሪያውን ታጥሮ ትንሽ በር ተበጅቶለታል። ልጇ የልጄ እኩያ ናት፤ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ፈረንጇ ብዙ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፣ ደስም አላት። በመጨረሻ «የገንዳውን በር ክፍት ብትተዪው ምን ይሆናል?» አለችኝ።

መልሱን አላጣሁትም፤ እንግሊዝኛውም ምላሴ ላይ ነበር። ግን እናት ፊት፣ ያውም ሕፃኗ እያየችኝ፣ ሞት እንዴት ይጠራል? ያገሬ ሴት ብትሆን ሟርተኛ ብላ ባባረረችኝ።

«ኢንሻላህ ምንም አይሆንም» አልኳት፣ ፈገግ ብዬ። ልጅቷን መመረቄ ነበር።

የፈረንጇ ፊት ተለወጠ። አመስግና በሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ሥራውንም ከለከለችኝ።

በጁምዓው ልጄን ታቅፌ ሄጄ ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «አንቺ ስትመርቂ እሷ የሰማችው ሌላ ነው። በሩን ክፍት የምትተዪ መስለሻታል እኮ!»

በሽቄ ወዳጄ ቤት ተመለስኩ። ገና ደጃፉ ላይ ስደርስ ልጄ ከእቅፌ ተንሸራታ ወርዳ ወደ ወዳጄ ሮጠች። ያኔ እዚያው ቆሜ «በዚህ ዓይነት ልጄ ትረሳኛለች። አይቀርም» አልኩ።

«ያርቀው! ምን ነክቶሽ ነው አንቺ?» አለች ወዳጄ ደንግጣ።

«እውነቱን ነው። ዝም ስላልን የሚቀር መሰለሽ?»

በሚቀጥለው ጁምዓ ማንም ሳይጠራኝ ዐማራት ሄጄ የዚያችን ፈረንጅ ደወል ደወልኩ። ልጇን አቅፋ ወጣች። አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት፣ በእንግሊዝኛ።

«የገንዳው በር ክፍት ከሆነ ልጅሽ ትሰጥማለች። አይቀርም። ስለዚህ እኔ እያለሁ ያ በር አይከፈትም።»

በሆዴ አዑዙ ቢላህ እላለሁ። ፈረንጇ ልጇን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት፣ እኔን ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «ግቢ» አለችኝ።

ሥራውን እንደያዝኩ ካላክላ አንዲት ክፍል ተከራየሁና ልጄን ወሰድኩ። ወዳጄ የልጄን ብርድ ልብስ ተሸክማ አደረሰችልን። ልትሄድ ስትል ልጄ ቀሚሷ ላይ ተጠመጠመች፤ ጩኸቷ ሰፈሩን ቀወጠው። እኔን በእጇ እየገፋች «እማዬ ጋ ነው የምሄደው!» ትላለች። የፈራሁት ደርሶ ነበር።

ወዳጄ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች «አብሽሪ፣ ኢንሻላህ ትለምድሻለች» አለችኝ።

ልጄን ከቀሚሷ አላቅቄ ታቀፍኳት። በእግሯ ደረቴን ትረግጠኛለች።

«ትለምደኛለች» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኢንሻላህ አላልኩም።