እጅ የሚያሳይ ስልክ

ብሩ በገበያ ዋጋ ይመንዘር በተባለ ሰሞን፣ ሱቄን ገና ሳልከፍት አዲስ አበባ ያለው ጅምላ አከፋፋይ ደወለልኝ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ አልተለዋወጥንም።

«በእጅሽ ያለውን ስልክ ዝም ብለሽ እንዳትሸጪ» አለኝ። «የትናንቱ ዋጋ ዛሬ የለም። የነገውን ደግሞ እኔም አላውቀውም።»

ሱቄ ጅማ ውስጥ ከገበያው በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በጫማ መሸጫና በመድኃኒት ቤት መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እዚያችው ውስጥ ስልክ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። የዋጋ መጨመር ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዶላር ተወደደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ቀረጥ ጨመረ ሲባል ኖረናል። የዚያን ሰሞኑ ግን ከሁሉም ይለያል። ጠዋት ለደንበኛ የነገርኩትን ዋጋ ከሰዓት በኋላ ራሴም አላምነውም ነበር። በየስልኩ ሥር የለጠፍኳቸውን የዋጋ ወረቀቶች አነሳሁና ሰው ሲጠይቀኝ ብቻ በቃል እመልስ ጀመር።

የሰዉ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ከቦሳ ኪቶ ሰፈር የመጣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ዋጋውን ሰምቶ ወጣና፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ያንኑ ስልክ እንደ አዲስ ጠየቀኝ፤ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብሎ። የኮሌጅ ተማሪዎች በቡድን መጥተው በመስታወቱ ላይ አጎንብሰው «ይሄ እኮ ባለፈው ሳምንት…» ይሉና ሳይጨርሱት ይሄዳሉ። አንድ ስልክ ሊገዙ የመጡ መምህር ነገ ይብሳል ብለው ሁለት ገዝተው ሄዱ። አዲስ መግዛት ያልቻለው ደግሞ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን፣ ድምፁ የጠፋውን፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን ሁሉ እያወጣ «ይሄ ይነሳ ይሆን?» እያለ ያመጣል። የሚቆጡኝም ነበሩ። አልፈረድኩባቸውም፤ ዶላሩን አያገኙትም፣ ፊታቸው ያለሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ የገበያው ቀን፣ ባልና ሚስት ከጅማ ወጣ ካለችው ከየቡ መጡ። ሰውየው በዕድሜ የገፉ የቡና ገበሬ ናቸው፤ ረዥም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ አማርኛቸው መሃል ኦሮምኛ ጣል የሚያደርጉ ሰው። ሚስታቸው አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ቀደም ባለው የገበያ ቀን መጥተው አንድ ስልክ መርጠው፣ «ጀንፈል ሸጠን እንመለሳለን» ብለውኝ ነበር። ጀንፈል ከነገለባው የደረቀ ቡና ነው፤ ገበሬው ለችግር ጊዜ ብሎ የሚያስቀምጠው።

ሰውየው ሰላምታ ሰጥተውኝ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብሩን አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«አባባ፣ ዋጋው ጨምሯል» አልኳቸው።

«በዚህ ሳምንት ውስጥ?»

«በዚህ ሳምንት ውስጥ። በድሮው ብሸጥልዎት በዚያ ብር ሌላ ገዝቼ መተካት አልችልም።»

የአሁኑን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለሚስታቸው በኦሮምኛ አስረዷቸው። ሴትየዋ ሻሻቸውን አስተካክለው ስልኩን በመስታወቱ ውስጥ አዩት።

«ረቢ ቤካ» አሉ ሰውየው በመጨረሻ። «እሱ ያውቃል እንግዲህ።»

ባዶ እጃቸውን እንዲመለሱ ስላልፈለግኩ ረከስ ያለ ስልክ አወጣሁላቸውና ለሴትየዋ ሰጠኋቸው። ስልክ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀውን አንዱንም አልጠየቁም። ባትሪው ይቆያል ወይ፣ ቦታው ይበቃል ወይ አላሉም። ለባላቸው አንድ ነገር ነገሩና ስልኩን መለሱልኝ።

«አንቺ በዚህ ደውዪ ትላለች» አሉኝ ሰውየው። «የራስሽን ስልክ ደግሞ ለእሷ ስጫት። እዚያ በር ላይ ቁሚና እጅሽን በካሜራው እያሳየሽ አንቀሳቅሺ።»

«እጄን?»

«ኤዬ። ጣትሽ ይለይ እንደሆነ ማየት ፈልጋ ነው።»

ነገሩ አልገባኝም፤ ግን እንዳሉኝ አደረግኩ። በር ላይ ቆሜ በቪዲዮ ደወልኩና ጣቶቼን ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ፣ እጄን ወደ ደረቴና ወደ አፌ አመላለስኩ። አላፊ አግዳሚው ያየኛል። ሴትየዋ ስልኬን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆም ሲል ደህና ነው» ብለው ሰውየው ተረጎሙልኝ። «ሲንቀሳቀስ ግን ጭጋግ ይሆናል፤ ጣቱ አይታወቅም። በዚህ ብናናግራት ልጃችን ምንም አይገባትም።»

ያኔ ነው ነገሩን ያስረዱኝ። የመጨረሻ ልጃቸው በሕፃንነቷ ከባድ ትኩሳት ታማ ከዚያ ወዲህ መስማት አቆመች። እናትና ልጅ ቡና ሲለቅሙ፣ ውሃ ሲቀዱ፣ እሳት ዳር ሲቀመጡ የራሳቸውን የእጅ ንግግር አበጁ። ማንም አላስተማራቸውም። ልጅቷ ኋላ ጅማ መጥታ ተማረች፤ የምልክት ቋንቋውን በሥርዓት አወቀች፤ አሁን ሐዋሳ ኮሌጅ ገብታ መምህርነት ታጠናለች። ዘመድ የሰጣት ስልክ አላት፤ መልእክት ትጽፍላቸዋለች፤ እነሱ ግን ማንበብ አይችሉም። ወሬዋን የሚሰሙት አብራት ከምታድር ልጅ ነው።

«ያቺ ልጅ በሳምንቱ ትደውልና ደህና ናት ትለናለች» አሉኝ። «ሁልጊዜ ደህና ናት። እናቷ አታምናትም። ልጄን ሳላያት በሰው አፍ ደህና ናት እያሉኝ እስከ መቼ ነው ትለኛለች።»

«ቁጥሯን ይዘዋል?» አልኳቸው።

በአሮጌው ባለቁልፍ ስልካቸው ላይ ነበር። ቁጥሩን ወደ ስልኬ ገልብጬ፣ ከባንኮኒው ኋላ ያለችውን ወንበር አውጥቼ እናትየውን አስቀመጥኳቸውና ደወልኩ።

ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አንድ ነጋዴ ስለ ቻርጀር ዋጋ ከእኔ ጋር የጀመረውን ክርክር ሊቀጥል ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ወጣት ሴቶች ካቨር ያማርጣሉ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተነሳና ስክሪኑ ላይ ፊቷ ክብ፣ ሻሽ ያሰረች ልጅ መጣች። የማታውቀው ቁጥር ስለሆነ ግንባሯን ቋጥራ ነበር። እናቷን አየች። ለጥቂት ጊዜ እንዳለች ቀረች፤ ምስሉ የቆመ መስሎኝ ኔትወርኩን ልረግም ነበር። ከዚያ እጇ ተነሳ።

የሆነውን በቃል ለመግለጽ አሁንም ያስቸግረኛል። እናትየው፣ እስከዚያ ድረስ ለእኔ አንድ ቃል ያልተነፈሱ ዝምተኛ ሴት፣ በሁለት እጃቸው ያወሩ ጀመር። እጃቸው ቡና ለቅሞ የሻከረ፣ ጣቶቹ ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው፤ ሲንቀሳቀሱ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣቶች ቀለል አሉ። ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ትከሻ ይነካሉ፣ አየር ላይ ትንሽ ነገር አንስተው ያስቀምጣሉ። ስልኩን ፊታቸው አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ክንዴ እየዛለ አላወረድኩትም። የፊታቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቅንድባቸው ይጠይቃል፣ ጉንጫቸው ይቆጣል፣ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይስቃል።

የቻርጀሩ ነጋዴ ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ያያል። ካቨር የሚያማርጡት ሴቶች እጃቸው ላይ ያለውን እንደያዙ ቆመዋል። ስልክ እየሸጥኩ ስኖር፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ። ከሐዋሳ እስከ ጅማ ያለው ተራራና ሐይቅ ሁሉ፣ ያለ አንዲት ድምፅ፣ በአራት እጅ መካከል ጠፍቶ ነበር።

«ምን ይላሉ?» ብዬ ሰውየውን በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«ከስታለሽ ትላታለች። እሷ ደግሞ የኮሌጁ ወጥ በርበሬ የለውም አለች። ላሚቱ ወለደች ወይ ብላ ጠየቀች። ወልዳለች።» ቀጥለውም «ታማ ነበር» አሉኝ። «ሰንብታ ነው የተነሳችው። ያቺ ልጅ አልነገረችንም።»

እናትየው ይህን በልጃቸው እጅ ሲያዩ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ፤ ልጅቷም እዚያ ማዶ መዳፏን አመጣች። ቆይቶ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ነጋዴው ስለ ቻርጀሩ አልተከራከረኝም። የነገርኩትን ከፍሎ፣ ለባልና ሚስቱ እጅ ነስቶ ወጣ። እነሱ ብራቸውን ወደ ኪሳቸው መልሰው ሊሄዱ ሲነሱ፣ ስልኩን እስኪገዙ ድረስ በየገበያው ቀን እየመጡ ከእኔ ሱቅ እንዲደውሉ ነገርኳቸው። ሰውየው ለሚስታቸው ተረጎሙ። ሴትየዋ እጄን ይዘው «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ክረምቱን በሙሉ ሐሙስ ሐሙስ መጡ። ዝናብ ሲዘንብም፣ የየቡ መንገድ ሲጨቀይም አይቀሩም። ስልክ የሚገዛው ሰው እየቀነሰ፣ ሱቄ ቀኑን ሙሉ ባዶ የሚውልበት ጊዜ በዛ፤ ሐሙስ ግን ሰው አይጠፋም ነበር። ወሬው በገበያው ተሰምቶ የሚያዩ ይመጣሉ። ከጅሬን ሰፈር አንዲት እናት መስማት የማይችል፣ የምልክት ቋንቋ በትምህርት ቤት የተማረ ጎረምሳ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ በስክሪኑ ላይ ከልጅቷ ጋር ሲነጋገር፣ እናቱ ከግድግዳው ተደግፈው፣ «እንዲህ ያወራል እንዴ ይሄ ልጅ» አሉ ለራሳቸው። ቤት ውስጥ ሲበዛ ሦስት ምልክት ነበር የሚጠቀሙት፤ ብላ፣ ና፣ ተኛ።

መስከረም ጠብቶ የቡና ለቀማ ደረሰ። ያን ዓመት የእሸት ቡና ዋጋ ገበሬው አይቶት በማያውቀው መጠን ወጣ። ስልኩን ያስወደደው ዶላር ቡናውንም ይዞት ተነሳ። ከተማ ያለነው ስኳሩም ዘይቱም አብሮ ሲጨምርብን እንማረር ነበር፤ የገጠሩ ሰው ደግሞ በአንድ እጁ እያገኘ በሌላው ይሰጣል። የማዳበሪያው፣ የለቃሚው ክፍያ፣ የልብሱ ዋጋ እንዲሁ ጨምሯል።

ለቀማው ገፋ ባለ ጊዜ ባልና ሚስቱ መጡ። መጀመሪያ የመረጡት ስልክ በክረምቱ ካልኳቸውም በላይ ወጥቶ ነበር። ስነግራቸው አፍሬ ድምፄ ወረደ። ሰውየው አልተከራከሩም። «የራስሽን ስልክ ለእሷ ስጫት» አሉኝ ብቻ። አዲሱን ይዤ እንደገና በር ላይ ቆምኩ፤ እንደገና እጄን አንቀሳቀስኩ። አሁን ግን በክረምቱ ካየሁት ለምጄ ኖሮ፣ ሳላስበው የሰላምታውን ምልክት ሠራሁ። እናትየው ከውስጥ ሆነው ሳቁ። ጣቶቼ ተለይተው ታይተዋል ማለት ነው። ገዙት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ መምጣታቸውን ተዉ፤ መምጣት አያስፈልጋቸውማ። ወንበሯን ወደ ቦታዋ መለስኩ። ናፈቁኝ።

በበጋው ጋበዙኝና የቡ ሄድኩ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በግራር ጥላ ሥር ባለ የቡና ማሳ መካከል ነው። ስደርስ እናትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። ሰውየው ከዋንዛ እንጨት ፈልፍለው የስልክ ማስቀመጫ ሠርተውላቸዋል፤ እናትየው በሁለት እጃቸው እንዲያወሩ። ዙሪያቸው ሦስት የጎረቤት ሴቶች ተቀምጠው፣ ልጅቷ ከሐዋሳ በምታሳያቸው መሠረት ጣቶቻቸውን ያጥፋሉ፣ ይሳሳታሉ፣ እርስ በእርስ ይተራረማሉ። ኮሌጅ የተማረችውን ለመንደሯ ሴቶች ማስተማር ጀምራለች። በምትመለስበት ጊዜ የምታወራው ሰው እንዳታጣ ብላ ነው አሉኝ።

ቆሜ አየኋቸው። እኔ የሸጥኩት ዕቃ ነው፤ ካርቶኑን በእጄ ቀድጄ፣ ሲሙን ራሴ አስገብቼ የሰጠኋቸው። ግን እዚያ ግቢ ውስጥ፣ አራት ሴቶች በጸጥታ ሲንጫጩ ሳይ፣ ከእኔ ሱቅ የወጣ አልመሰለኝም።

ወደ ማታ ስነሳ እናትየው አልቆሙም፤ ወሬ ላይ ናቸው። አጠገባቸው በፌስታል የተዘጋጀልኝን አቮካዶ በአገጫቸው አመለከቱኝ፣ ልጅቷም ከስክሪኑ እጇን አነሳችልኝ። ሰውየው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። መኪና ስንጠብቅ፣ «ያ ስልክ ዛሬ ስንት ገባ?» ብለው ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። እንደገና ጨምሮ ነበር።

ወደ ቤታቸው ዞረው አዩ። «ለእሷ እንዳትነግሪያት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ይሄን ከሰማች ከፍ አድርጋ ትሰቅለውና እኔን አታስነካኝም።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወሩኝ ጀመር፤ ሚኒባሱም መጣ።