ሳጥኑን ከሥሩ ፈታሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲደርስ "ሌላ የቀረህ አለ?" ይሉኛል፣ እኔም ዓይናቸውን እያየሁ "የለም አባ" እላለሁ። እንዲህ ስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል፤ ይሄም ያው ከፈሪነቴ ነው፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ያደረግኩት ይሄ ነው፦ የጓደኛዬን የመጫወቻ መኪና ሞተር ለወጥኩ። ሳቁ እንግዲህ። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። መዳፍ የማትሞላ መኪና፣ ውስጧ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ሞተር። ግን እኔ በዚያች ሞተር የአንድ ሰው ስም ገደልኩ። ስሙን ብቻ ገድዬ ባቆም ኖሮ ምናለበት። አላቆምኩም።

አናጢ ነኝ። የኛ ሰፈር ሳይፈርስ ካዛንቺስ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ከውጭ አገር የተላከለትን የተሰበረ መጫወቻ ጠግንልኝ ብሎ አመጣ። መኪናዋ ከሆዷ የምትወጣ ትንሽ ምላስ አላት፤ ምላሷ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ትገባለች፤ ከቦዩ ግራና ቀኝ መዳብ ተነጥፏል፣ ኤሌክትሪኩን የምታገኘው ከዚያ ነው። ይሄንማ እኔም እሠራዋለሁ አልኩ። ኮምፔርሳቶ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ቦዮች ቦረቦርኩ፣ ርዝመታቸው አሥራ ሁለት እርምጃ። መዳቡን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ፈታሁ፣ መብራት ሲጠፋ እንዳንቸገር ብዬ በመኪና ባትሪ አደረግኩት። በቃ፣ ስሙንም "ቦይ" አልነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አሥር የምንሆን ትልልቅ ሰዎች እንሰበሰብ ነበር። ልብስ ሰፊ አለ፣ ሾፌር አለ፣ ከስታዲየም በኩል የሚመጣ የቢሮ ጸሐፊ አለ። ሁሉም መኪናውን ራሱ ይሠራል፤ ሞተሩ ከአሮጌ ቴፕ የተፈታ ነው። ዋናው ሕጋችን አንድ ነው፦ የሞተሩ ጥቅል አይነካም። የፋብሪካውን ሽቦ ፈትቶ በወፍራም ሽቦ መልሶ የጠቀለለ ሰው መኪናው ይበራል፤ ያ ማታለል ነው። ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ "ሂድ" ሲባል ቁልፍ ይጫናል፣ እስትንፋስህን ሳትጨርስ አለቀ። ለዚያች እስትንፋስ ስንቱ ሚስቱን አስኮርፏል መሰላችሁ።

ሌላም ሥርዓት ነበረን። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም መኪናውን አምጥቶ እኔ በሠራሁት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያስገባል፤ ቅዳሜ ያስገባኸውን ነው እሁድ የምትነዳው። ቄራ መለዋወጫ የሚሸጠው ከድር ሳጥኑን ይቆልፋል፣ በሲባጎ ያስራል፣ ቋጠሮው ላይ ሻማ ያንጠባጥብና በሱቁ ቁልፍ ይጫነዋል። ማኅተም መሆኑ ነው። ቅዳሜ የማንም ሞተር አይከፈትም፣ እምነት ነው። እሁድ ግን የተሸነፈ ሰው "ክፈትልኝ" ካለ አሸናፊው ሁሉም ፊት ሞተሩን ይከፍታል። መብት ነው፣ ማንም አይቀየምም። ሳጥኑ የሚያድረው እኔ ዘንድ ነበር።

ያን ጓደኛዬን፣ ተካልኝን፣ አሁን ላስተዋውቃችሁ። ቂርቆስ ቤተክርስቲያን አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። የጠጋኝ ነገር ታውቃላችሁ፤ ሰው ዕቃውን ሲሰጥ ልቡ ይጠረጥራል፣ ደህናውን ፈትቶ አሮጌ ይከትብኝ ይሆን እያለ። ተካልኝን ግን ማንም አይጠረጥረውም። የተበላሸችውን ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቷ ይመልሳል፣ "ይቺ ናት ያስቸገረችህ" ይላል። ያ ሰው የሚበላው ከእጁ ሳይሆን ከስሙ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር? በደንብ አውቅ ነበር።

ታዲያ ለምን? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ አጭርና የሚያሳፍር ነው፤ ቀናሁበት። ቦዩን የሠራሁት እኔ፣ እንጨቱ የኔ፣ ድካሙ የኔ፣ የሚያሸንፈው እሱ። ያም ይሁን፣ ጨዋታ ነው። አንድ እሁድ ግን ሰዎቹ ተካልኝ ሰብሳቢ ይሁን፣ ቦዩም ወደሱ ጓሮ ይዛወር፣ እዚያ ሰፊ ነው ተባባሉ። እኔ ሳልናገር እሱ ተነሥቶ፣ ቦዩ የኔ ልፋት እንደሆነና ከኔ ቤት ንቅንቅ እንደማይል ነገራቸው። ለኔ ተከራከረልኝ! ሌላ ሰው ቢሆን ያመሰግን ነበር። እኔ ግን ተቃጠልኩ። ሰውየው ሲያሸንፈኝም ሲያዝንልኝም አልቻልኩትም።

በችኮላ ነው እንዳልል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። እሱ መኪናው ላይ የሚያስገባትን ዓይነት ሞተር ገዛሁ፣ ጥቅሏን ፈታሁ፣ በወፍራም ሽቦ መልሼ ጠቀለልኩ። እጄ የእንጨት እጅ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ፣ ሦስት ጊዜ እንደገና ጀመርኩ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ከተካልኝ ጋር ስንት ጊዜ አብሬ በላሁ። አጉርሶኛል። ዋጥኩት።

ቅዳሜ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ሳጥኑን ገለበጥኩት። ከድር ክዳኑን ነው ያሸገው። ሳጥኑን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፣ የታችኛው ጣውላ በአራት ብሎን እንደተያዘ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ካቻቢቴ አንሥቼ አራቱን ፈታሁ፣ የተካልኝን መኪና አወጣሁ፣ ሞተሯን ለወጥኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ማኅተሙ ንክች አላለም።  ሳጥኑን ወደ ቦታው መልሼ በሬን ዘጋሁ።

እሁድ የተካልኝ መኪና ከከድር ጋር ተሰለፈች። "ሂድ" ሲባል ተወነጨፈች፣ ጫፍ ላይ ያደረግኩትን ስፖንጅ አልፋ ግድግዳ መታች። ተካልኝ ራሱ ደንግጦ ሳቀ። ከድርም እየሳቀ ክፈትልኝ አለው፣ በመብቱ። ተካልኝ በገዛ እጁ፣ ደስ እያለው ከፈተ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ጥቅሉ በወፍራም ሽቦ ነው። ሞተሩን ወደ ብርሃኑ ይዞ አገላብጦ አየውና ይሄ የኔ አይደለም፣ ጥቅሉም የኔ እጅ አይደለም አለ።

ሁሉም ወደ ሳጥኑ ዞሩ፣ ከሳጥኑ ወደኔ። ሳጥኑ ተነክቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም "ማኅተሙን እዩት" አልኩ። ከድር አየው። ቋጠሮው እንዳለ ነው፣ ሻማው ላይ የቁልፉ ጥርስ እንዳለ ነው። አያችሁ፣ ቃል በቃል አልዋሸሁም። ብዋሽ ይሻል ነበር።

ተካልኝ ዙሪያውን አየን። የሚያምነው ዓይን ሲያጣ ፊቱን ወደ ቤተክርስቲያኑ አቅጣጫ አዞረና እንዲህ አለ፦

"ይህን ሞተር እኔ አስገብቼው እንደሆነ ቂርቆስ ይፍረድብኝ።"

ከድር፣ ሙስሊሙ ሰውዬ፣ በመሐላው ደነገጠ። ለመጫወቻ እንዲህ አይማልም፣ በቃ እንርሳው ብሎ ሊያበርደው ሞከረ። ያኔ ዝም ብል እንኳ ነገሩ ይሞት ነበር። እኔ ግን ሕግ ሕግ ነው፣ ተካልኝ ከዛሬ ጀምሮ ከቦዩ ታግዷል አልኩ። እኔ አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ያደረግኩት ይሄ ነው።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ወሬው ካዛንቺስን አልፎ ቂርቆስ ደረሰ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ተካልኝ በመጫወቻ ሲያታልል ተያዘ እያሉ ይስቃሉ። ቆይቶ ሳቁ ቀረና ጥያቄ ሆነ። ለጨዋታ ሞተር የለወጠ የኔን ቴፕ ምን ያደርገው ይሆን? ሰው ዕቃውን ሌላ ጋ መውሰድ ጀመረ። በዓመቱ ተካልኝ ከሱቁ ይልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሆነ። እኔ በዚያ ሳልፍ ሰላም እለው ነበር።

ከዚያ ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰነፉ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። የሰፈር ሰው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። የማለበት አፍ ነው የተጣመመው አሉ። ቂርቆስን በሐሰት ጠርቶ ማን ደህና ይሆናል አሉ። እኔም በጆሮዬ ሰማሁ። ሰው በእውነት ምሎ፣ ታሞ፣ ሕመሙ ምስክር ሲሆንበት ሰማሁና ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

ሦስተኛውን ልንገራችሁ። የመጣሁት ለዚህ ነው፣ ሌላው መንደርደሪያ ነበር።

ብርቱካን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ሚስቱ እታገኝ ወንበር አቀረበችልኝና ብርቱካኑን ይዛ ወጣች።  የተካልኝ ምላስ ከብዷል፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተ አወራኝ። ያ እሁድ በነበረበት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ሰው ያመጣው፣ ሌላ ጠጋኝ የጠቀለለው ሞተር እንደነበረ አስታወሰ። ወይም ያስታወሰ መሰለው። ሌት ተቀን ሲያስበው ቆይቷል። ከዚያ ጠየቀኝ፦

"አምታትቼ እሱን አስገብቼ ይሆን? ሳላውቅ በሐሰት ምዬ ይሆን?"

አስቡት። ከኔ በቀር በዓለም ላይ መልሱን የሚያውቅ ሰው የለም። አንዲት ቃል፣ "አይደለም"፣ ብል ያ ሰው ይድን ነበር። ሰውነቱ ባይድን ልቡ ይድን ነበር። አፌ ላይ ነበረች። ግን "አይደለም" ብል "እንዴት አወቅህ?" ይለኛል። ስለዚህ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ እንዲህ አልኩት፦

"ሊሆን ይችላል። ሰው አይደለህ እንዴ፣ ሰው ይሳሳታል።"

ተነፈሰ። ረጅም ትንፋሽ። ቢያንስ የደረሰበት ነገር ምክንያት አገኘለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን እውነትን የያዝኳት እኔ ከሆንኩ ስንት ዓመት ብትከርም እንደማትጠራ አይቻለሁ።

በማግስቱ ቄስ አስጠራ። በቂርቆስ ስም በሐሰት ምያለሁ ብሎ ተናዘዘ። ካህኑ ለበሽተኛ ጸሎት ይበቃል አሉት፤ እሱ አይሆንም ብሎ ስግደት በራሱ ላይ ጨመረ። አንድ ጠዋት ስሄድ አየሁት። በደህና እጁ የአልጋውን ብረት ይዞ ይወርዳል፣ ግንባሩን ወለሉ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ መነሣት ያቅተዋል። እታገኝ ከብብቱ ሥር ይዛ ታነሣዋለች። ደግሞ ይወርዳል። አንተን ይሰማሃልና እባክህ ተው በለው ብላ ለመነችኝ። እኔ ምን አልኩ? እግዚአብሔር የልቡን ያይለታል አልኩ። ወጥቼም ሥራዬ ገባሁ፣ ያን ቀን አንድ ቁም ሳጥን ጨረስኩ።

እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ኖረና ሞተ። በለቅሶው ላይ እታገኝ ከሰው ለይታ ጠራችኝና አደራ አለብኝ አለች። ሊሞት ሲል እንዲህ በዪልኝ ብሏታል፦ ያን ቀን እሱ ስህተቴን ባያሳየኝ ኖሮ ኃጢአቴን ይዤው እሄድ ነበር፣ አመስግኚልኝ። እጄን ሳመችው። እዚህ ላይ መጻፍ አቁሜ ሁለት ቀን ቆይቻለሁ።

ቦዩን በዚያው ሳምንት ቆርጬ ማገዶ አደረግኩት። ሰፈሩም በኋላ ፈረሰ፣ ሰዉም ተበተነ። እታገኝ ግን አለች፤ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በየዓመቱ ሙት ዓመቱን ስታስብ ትጠራኛለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ጸበል ጻዲቁን ስታቀርብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፤ ስለዚያች መሐላ ይማረው በሉልኝ ትላለች። ሰው ሁሉ ይማረው ይላል። እኔም ከሰው ጋር ይማረው እላለሁ። ያልበደለውን ሰው ይማረው እያልኩ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ደረጃውን ይዤ እወርዳለሁ።

ድህነት ነበረብኝ፣ ወጣት ነበርኩ፣ አልልም። አርባ አልፌ ነበር፣ ቤቴም ሙሉ ነበር። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ አራቱን ብሎን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ "ሊሆን ይችላል" ያልኩትም እኔ ነኝ። የእናንተን ምሕረት አልጠይቅም፣ እናንተን አልበደልኩም።

እታገኝ፣ ይህን አንድ ሰው ቢያነብልሽ ስማችሁን ብለውጠውም ባልሽን ታውቂዋለሽ። በሐሰት አልማለም። ሞተሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጠዋት ከወለል ላይ ስታነሺው የነበረው የእኔን ስግደት ሲሰግድ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም። ከእንግዲህ ይማረው አታስብዪ፤ የሚማር ነገር የለበትም።