የአባቴን ክራር ይዤ ዳንግላ

ቅዳሜ ማለዳ ከአክስቴ ከዘርትሁን ጋር ከመንደራችን ከጥርባ ተነሥተን በእግር ወደ ኮሶበር ወረድን። የአባቴን ክራር በነጠላ ጠቅልዬ አቅፌዋለሁ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ክሮቹ ላልተዋል፤ የእሱን ቅኝት የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። አንድ አዝማሪ ቃኝቶልን ነበር፤ ክራሩ የሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

ኮሶበር ገበያ በሄድኩ ቁጥር ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። የምወዳቸው ሁለት ጊታር ተጫዋቾች አሉ። ስማቸውን ስለማላውቅ እኔው አወጣሁላቸው። አንዱ ጋላቢው ነው፤ ጣቱ እንደ ፈረስ ይሮጣል። ሌላው አልቃሻው ነው፤ አንዷን ክር ጎትቶ ይይዝና ድምፅዋ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። አባቴም እንዲያ ያደርግ ነበር። ባለሱቁ፣ “እነዚህ የምትሰሚያቸው ቅዳሜ ዳንግላ ይጫወታሉ” ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ክራሩን አልቃሻው እንዲቃኝልኝ ነው የምሄደው።

ኮሶበር ያገኘነው የጭነት መኪና ሹፌር ለአንድ ሰው ሽልንግ ጠይቆን ድንች በሞላበት ጆንያ ላይ ተቀመጥን። መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ገበያው ደርቶ ነበር። መኪናው ሲቆም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ እቅፌን አይተው በአገራችን ቋንቋ በአዊኛ፣ “ሕፃኑ አያለቅስም እንዴ?” አሉኝ። እኔ አቀረቀርኩ።

“አፉ ተዘግቶ ነው፤ ዳንግላ ልናስከፍትለት ነው” አለቻቸው አክስቴ።

ዳንግላ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ ከጀርባው የመብራት ሞተር ይንደቀደቃል። ስምንት ሰዓት ላይ ዘፋኙ ሲወጣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጊታር የያዘው አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ነበር። ሲጀምር አወቅኩት፤ ጋላቢው ነው። ሦስት ዘፈን ሙሉ ጋለበ። ያ ሁሉ መንገድ በከንቱ ሆነ ብዬ ነጠላውን አጠበቅኩ። በአራተኛው ዘፋኙ ትዝታ ሲያወጣ፣ ያው ሰው አንገቱን ደፍቶ አንዷን ክር ጎትቶ ያዛት። ለካ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ዘፋኙን ያያል፤ እኔ ጣቶቹን እያየሁ አለቀስኩ።

ሲያበቃ ዕቃቸውን መጫን ጀመሩ።  አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ጊታር ተጫዋቹ ወሰደችኝ።

“ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንጂ ጉዳይ አላት።”

የአባቴን ነገር ስትነግረው፣ ጊታር ተጫዋቹ ክራሩን ከነጠላው ፈትቶ አገላብጦ አየው። “ቅኝቱን ክራሩ አይነግረኝም” አለኝ። “አባትሽ ይዘፍኑት የነበረውን አዚሚልኝ።”

ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። መሬት መሬት ሳይ አክስቴ፣ “እኔ እዘፍንልሃለሁ” ብላ ጀመረች። የአባቴን ዘፈን እንዳልነበር አደረገችው።

“እንደሱ አይደለም” አልኩ ሳላስበው።

“እንዴት ነው ታዲያ?”

ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ በአዊኛ ዘፈንኩ። እሱ ድምፄን እየተከተለ ክር በክር አጠበቀ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የአባቴ ክራር ሆነ።

“ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ . . .” አልኩት።

“ቤትሽ እስክትደርሺ መንገዱ ያላላዋል” አለኝ። “ግድ የለም፤ ዘፈኑ አንቺ ዘንድ ነው።”

ዳንግላ ከአክስቴ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ጥርባ ገባን። እንዳለውም ክራሩ ላልቶ ነበር። እናቴ ድንች ትልጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ ክራሩ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ቀስ ብዬ እያዜምኩ ማጥበቅ ጀመርኩ። የቢላዋው ድምፅ ጠፋ።

“ሦስተኛው ይቀረዋል” አለች።

ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩለት ቅኝት ከእናቴ ጆሮ ወጥቶ አያውቅም ኖሯል። እኔ ስላልዘፈንኩ እሷም አልተናገረችም። ሦስተኛውን ክር አጠበቅኩት።

“ጨምሪ” አለች።