አብራኝ ያንጎራጎረችው ሴት

ባለፈው ቅዳሜ ምነው ዝም ባልኩ እያልኩ እቆጫለሁ። ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከቴሌግራም ያወረድኩትን የሀዲይኛ መዝሙር በስልኬ እሰማ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት አብራኝ ታንጎራጉራለች።

“ከወደድሽው አልበሙን በሙሉ ልላክልሽ” አልኳት። “ለመዘምራኑም ለሴቶች ኅብረቱም ያዳረስኩት እኔ ነኝ። የጌታ ነገር በነጻ ነው!”

“ተባረኪ፣ እኔስ አለኝ” አለች ፈገግ ብላ።

“ዘማሪቷ ግን ምን ነካት? ሁለተኛውን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። እንዲህ የተወደደች ልጅ ትሰንፋለች?”

ፊቷ ተለወጠ። ረዳቱ “ወራጅ አለ?” ሲል ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

“የመጀመሪያው ሲዲ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት አልጋዬ ስር ነው። ሁለተኛውን በምን ልሥራው፣ እህቴ?”