ከማንጎው ሰማንያ እርምጃ

ማክሰኞ ጠዋት ከጋምቤላ ከተማ የተነሣሁት አንዲት ችካል ለመትከል ነበር። ክልላችን ክልል ከተባለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ እኔ ደግሞ በውሃ ሥራው ቦታ ለኪ ነኝ። ከአቦቦ ወዲያ ላለች አንዲት መንደር አንድ ጉድጓድ ተፈቅዷል። አምና አንድ የከርሰ ምድር ባለሙያ ሦስት ቀን መሬቱን መርምሮ ውሃ አለበት ያለውን ነጥብ መረጠ፤ ችካል ተከለበት፤ የቦታውን ቁጥር በጂፒኤስ መዝግቦ ሄደ። የእኔ ሥራ ያንን ነጥብ ማግኘት ነው። የቁፋሮው መኪና ረቡዕ ይመጣል። ውሃ ካጣ ሁለተኛ አይሞክርም፤ ወደ ሌላ ወረዳ ያልፋል።

ባትሪ ድንጋይ ልገዛ ከባሮ ድልድይ አጠገብ ወዳለው የከድር ሱቅ ገባሁ። አራቱ በስምንት ብር። ከድር ራዲዮ ሳይሰማ ዕቃ አይሸጥም።

«ሰማህ ወይ ኢንጂነር? ታላላቆቹ መንግሥታት ሰማይ ላይ መሣሪያ እናስቀምጥ፣ አታስቀምጡ እየተባባሉ ነው። አንዱ የሌላውን ሳተላይት መትቶ ሊጥል ይችላል አሉ።»

«እኛስ ምን እንሆናለን?»

«እኛማ እዚያ ምን አለን? ላም አለኝ በሰማይ ካልሆነ! ይዋጉ፤ ባሮን ተሻግሮ አይመጣም» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው ጂፒኤስ የት እንዳለች የምታውቀው ከሳተላይት በምትሰማው ነው፤ ሳተላይቶቹ ደግሞ የባዕድ ጦር ንብረት ናቸው። ጠላት እንዳይጠቀምበት ብሎ ጦሩ ለሌላው ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ እንደሚያዛባው ሥልጠና ላይ ነግረውን ነበር። ያን ጊዜ ለፈተና ብዬ ጻፍኩት እንጂ ከልቤ አልገባም።

አራት ሰዓት ተኩል

ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አቧራ ቅመን መንደሩ ደረስን። የመጋቢት ፀሐይ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ሾፌሬ ኦጁሉ የአካባቢው ተወላጅ ስለሆነ ከማንም ጋር ሲሳሳቅ ነው የሚውለው፤ አስተርጓሚዬም እሱ ነው። የተቀበሉን እማማ አሪየት የመንደሩን ሴቶች የሚመሩ፣ አማርኛም የሚሞክሩ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸው እያነከሰች መጣች፤ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ውሃ ስትቀዳ አዞ ይዟት በስንት ጩኸት ነው ያስጣሏት። አሁንም ሌላ ውሃ የለምና ሴቶቹ እዚያው ወንዝ ይወርዳሉ።

መሣሪያዬን ከፍቼ ቁጥሩን ተከተልኩ። ከማሽላው ማሳ ዳር አደረሰኝ። የአምናው ችካል ግን የለም። «ይሁን» ብዬ አዲሱን መታሁ። እማማ አሪየት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ አይደለም። እንጨት እዚያ ነበረ።»

ያሳዩኝ በእሾህ የታጠረች፣ ጉልበት የማትደርስ የማንጎ ችግኝ ናት። የአምናዋ ችካል ጠንካራ እንጨት ስለሆነች ፍየል አስረውባት፣ ፍየሉ ነቅሏት ሄደ። «የተከለው ሰውዬ ይቆጣል አልን። የእንጨቱ ጉድጓድ ሳይጠፋ ማንጎ ተከልን። እዚያው ውስጥ።»

በእርምጃ ለካሁት፤ ከችካሌ ሰማንያ።

«እማማ፣ ይህ መሣሪያ እኮ ከሰማይ ነው የሚያየው» አልኳቸው።

«ሰማይ ያለው ሰውዬ እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

ኦጁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ስምንት ሰዓት

መሣሪያዋን ከችካሏ አጠገብ ኩይሳ ላይ ትቼ ደረቅ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ በላን። ስመለስ ማንም አልነካትም፤ እሷ ግን ነጥቡ መቶ እርምጃ ያህል ማሳው ውስጥ ነው ትላለች። ትንሽ ቆይታ ወደ መንገዱ አለች። የቆመችበት ኩይሳ አልተነቃነቀም፤ ቁጥሩ ግን ይሄዳል። ሥልጠና ላይ የነገሩን ማዛባት ይኸው ነበር። አምና የተመዘገበው ቁጥርም እንዲሁ ሲንቀዋለል በአንዲት ደቂቃ የተያዘ ነው። የሰማዩ ባለቤቶች ገና ሳይዋጉ፣ እርስ በርስ ስለተፈራሩ ብቻ፣ የእማማ አሪየት ጉድጓድ ጠፍቶ ነበር።

ቁጥሩን ተከትዬ ጉድጓዱ ቢደርቅ ማንም አይወቅሰኝም፤ ሴቶቹ ግን ወንዝ መውረዳቸው ነው። ማንጎውን አምኜ ቢደርቅ እንጀራዬም አብሮ ይደርቃል።  ችካሌን ነቅዬ ማንጎው አጠገብ መታሁ።

ረቡዕ

አቦቦ አድረን ማልደን ተመለስን። እማማ አሪየት ችግኟን ከነአፈሯ አንሥተው በሰፌድ ታቅፈዋል። መኪናው ቁፋሮውን ጀመረ፤ እስከ ቀትር ደረቅ አፈር ብቻ ተፋ። ቆፋሪው ወረቀቱን ዘርግቶ «ቁጥሩ ይኸው ነው አይደል?» ሲለኝ «ቦታው ይኸው ነው» አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አፈሩ ጭቃ ሆነ፤ ቀጥሎ ውሃ ፈነዳ። ልጅቱ እያነከሰች መጥታ የታሰረ እግሯን ከውሃው ሥር ዘረጋች። አለቀስኩ፤ ኦጁሉ እንዳላየ ሆነ።

ሐሙስ፣ ጋምቤላ

ከድር እንዳየኝ «እህ፣ የሰማዩ ጦርነት ባሮን ተሻገረ?» ብሎ ቀለደ። «ቀድሞኝ አቦቦ ደርሶ ነበር» ብዬ ነገርኩት። ራዲዮውን ቀነሰ።

መሣሪያዋን አልጣልኳትም፤ ሌላ የለንም። ብቻ ከዚያ ወዲህ መስክ ስወጣ ከባትሪው ጋር የማንጎ ፍሬ እይዛለሁ። ችካሌን ከመታሁ በኋላ ለመንደሩ ሴቶች ፍሬውን ሰጥቼ፣ «ችካሏን ፍየል ከነቀላት ይህን እዚያው ጉድጓዷ ውስጥ ትከሉልኝ» እላለሁ።