ለአንድ ስልክ የተሰጠኝ ፈቃድ

ደብረ ማርቆስ ለመርማሪዎች የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራ በነበረ ጊዜ፣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየው ከይጁቤ በመጀመሪያው መኪና የመጡ ገበሬ ናቸው። በሐሰት ስም ቴሌግራም የከፈተ ሰው «ፎቶሽን እበትነዋለሁ» እያለ ልጅቷን ሲያስጨንቃት ከርሟል። ማንነቱን ለማወቅ አንድ መንገድ ነበረኝ፤ ሲከፍተው ስልኩን ለእኔ የሚያጋልጥ ፋይል መላክ። ለዚህ ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዳኛዋ ማመልከቻውን ሁለቴ አነበቡና በእስክሪብቶ የጨመሩትን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ።

«ለዚህ አካውንት ባለቤት ብቻ ነው። በስህተት ሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ብትገባ ሳታነብ ትወጣለህ፤ ለእኔም ታሳውቃለህ። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ክብርት ዳኛ።»

ሰውየው የላክኩለትን ፋይል አልከፈተውም። የተፈቀደልኝ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሱም አባል በሆነበት የኮሌጁ ተማሪዎችና መምህራን ግሩፕ ላይ «የፈተና ፕሮግራም» ብዬ ለጠፍኩት። ማንም እንደሚከፍተው አውቅ ነበር። ምሳ በልቼ ስመለስ ዘጠኝ ስልኮች ስክሪኔ ላይ ተደርድረዋል።

አንደኛው የፈለግነው ሰው ነበር፤ የልጅቷ ፎቶዎችም እዚያው አሉ። የቀሩትን ስምንቱን መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ከስሞቹ አንዱን አወቅኩት። ቁይ ከተማ ተማሪ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው፤ አሁን ኮሌጁ ውስጥ ያስተምራሉ። «ግብረ አበር እንዳይኖር ላጣራ» አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው። እውነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁመው በላብ ያጠመቁኝ ሰው ስልክ ውስጥ መግባቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

መርጡለ ማርያም ላሉት እህታቸው የላኩትን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ። «ዓይኔ እየጠፋ ነው፣ እታለም» ይላሉ። «ወረቀት የምታርምልኝ ባለቤቴ ናት። ኮሌጁ ከሰማ አበቃልኝ።» ቀጣዩንም ሰማሁ። ከዚያ የሚቀጥለውንም። በአንዱ ላይ ያለቅሳሉ።

ለዳኛዋ ምንም አላሳወቅኩም።

ክሱ ሲታይ ችሎት የተቀመጡት እኚያው ዳኛ ነበሩ። የተከሳሹ ጠበቃ ተነሥቶ፣ «ፋይሉ ስንት ስልክ ውስጥ ገባ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር ምያለሁ። «ዘጠኝ» አልኩ።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። «ከተከሳሹ ሌላ የስንት ሰው አነበብክ?»

«የአንድ ሰው። ሰማሁ እንጂ አላነበብኩም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በፋይሉ የተገኘው ማስረጃ በሙሉ ውድቅ ሆነ። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረን ሰውየው ተለቀቀ። እኔም ስምንቱን ባለስልኮች እየዞርኩ ያደረግኩትን እንድነግራቸው ታዘዝኩ።

ደጅ ላይ የልጅቷ እናት ጠበቁኝ።

«ልጂቱ ዋሸች ነው የሚሉት?»

«አይደለም፣ እማማ። እሷ አልዋሸችም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ያንተ ከሆነ እሱን ለምን ፈቱት?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ሕጉ ትክክል እንደሆነም አውቃለሁ። ግን ልጅቷ ከኋላቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

መምህሩ ቤት የሄድኩት ከሁሉም መጨረሻ ነው። በድምፄ ለዩኝ። «ግባ፣ ግባ» ብለው ወንበር በእጃቸው ዳብሰው ሰጡኝ። ነገርኳቸው።

«የመጀመሪያውን ስትሰማ ምን እንዳለበት አላወቅህም እንበል። ሁለተኛውንስ?»

«አውቄ ነው የሰማሁት፣ መምህር።»

«እሺ» አሉ። «በል ሂድ።»

በሳምንቱ ራሳቸው ሄደው ለኮሌጁ ተናገሩ፤ ከእኔ አፍ ሳይወጣ ብለው ይመስለኛል። ከማስተማር አነሷቸውና ቤተ መጻሕፍት መደቧቸው፤ ማንበብ የማይችሉትን ሰው።

እኔም ሥራውን ለቀቅኩ። ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ ይጁቤ ገብታለች ሲሉ ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ተሳፍሬ ግን አላውቅም።